ጆይስቲኩን ለመሰንቆ መግራት
የሚዲ ኮንትሮለር ቁጥሮችን ለመቀየርና ቅርጽ ለማስያዝ የሚረዳ መመሪያ

ፒያሳና አራዳ ዙሪያ በጠባብ ክፍል ስቱዲዮ ከፍተው የሚሠሩ ወጣት አቀናባሪዎች ሁለት ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። አንደኛው፦ «ኪቦርዱ ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝቷል፣ ቁልፉን ስጫን ይሰማል፤ ኖቡን ሳዞር ግን ወይ ምንም የለም፣ ወይ ያልፈለግኩት ነገር ይነካል።» ሁለተኛው፦ «ጥሩ የመሰንቆ ሳምፕል አለኝ፤ ስጫወተው ግን ኦርጋን ኦርጋን ይላል።» የሁለቱም መፍትሔ አንድ ቦታ ነው ያለው፤ ኪቦርዱ በሚልከውና ሶፍትዌሩ በሚቀበለው ቁጥር መካከል።

የፒያሳውን የዶሮ ማነቂያ ሰፈር የምሽት ቤቶች የሚያውቅ ሰው አንድ ኪቦርድ ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም ያውቃል። ቤዙም፣ ከበሮውም፣ ክራሩም፣ መሰንቆውም ከአንድ ሰው እጅ ይጠበቅ ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርስም ልማዱ ከሙዚቀኛው ጋር ወደ ኪራይ ክፍሎችና ወደ ቤት ስቱዲዮዎች ተሻግሯል። ስለዚህ ይህን መመሪያ በመሰንቆ ላይ አቆመዋለሁ። አንድ ክር ያለው፣ በደጋን የሚገዘገዝ መሣሪያ በኪቦርድ ሲሠራ ድክመቱ ወዲያው ይጋለጣል፤ እሱን ያስተካከለ ሰው ዋሽንቱም ሆነ ቫዮሊኑ አያስቸግረውም።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። ፒች ቤንድና ሞዱሌሽን ያለው ማንኛውም የሚዲ ኪቦርድ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌር (ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ኪዩቤዝ፣ ሪፐር፣ ኤብልተን ላይቭ ወይም የለመዳችሁት ሌላ)፣ አንድ የመሰንቆ ድምፅ፣ ወረቀትና እርሳስ። የኤክስፕረሽን ፔዳል ካላችሁ እሰየው፤ ከሌላችሁም ሥራው አይቆምም።

1. መጀመሪያ ኪቦርዱ ምን እንደሚልክ በዓይናችሁ እዩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ቀጥታ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ ይነካካል፤ ከዚያም ግማሽ ቀን ያልቃል። በዊንዶውስ ሚዲ ኦክስ፣ በማክ ደግሞ ሚዲ ሞኒተር የሚባሉት ፕሮግራሞች ኪቦርዱ የሚልከውን እያንዳንዱን መልእክት በየረድፉ ያሳያሉ። አንዱን ክፈቱና እያንዳንዱን ኖብ፣ ስላይደር፣ ፔዳልና ጆይስቲክ ከታች እስከ ላይ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ።

የኮንትሮለር መልእክት ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ በየትኛው ቻናል (ከ1 እስከ 16)፣ የትኛው የኮንትሮለር ቁጥር፣ ምን ያህል (ከ0 እስከ 127)። «ድምፁን ጨምር» ወይም «ደጋኑን ጫን» የሚል ነገር በውስጡ የለም። ትርጉም የሚሰጠው ተቀባዩ ነው፤ ተቀባዩን የምታዝዙት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ሙዚቀኛው «ሲሲ» እያለ የሚጠራቸውን እነዚህን ቁጥሮች ማወቅ ይበቃል፦ ሲሲ 1 ሞዱሌሽን፣ ሲሲ 2 ትንፋሽ፣ ሲሲ 7 ቮሊዩም፣ ሲሲ 10 ፓን፣ ሲሲ 11 ኤክስፕረሽን፣ ሲሲ 64 ሰስቴን፣ ሲሲ 74 ድምፁን ማፍካትና ማደብዘዝ። የማይነኩም አሉ። 0 እና 32 የድምፅ ባንክ ይመርጣሉ። 6፣ 38፣ 100 እና 101 የፒች ቤንድ ስፋትንና መሰል ቅንብሮችን ያስተላልፋሉ። ከ120 እስከ 127 ያሉት ደግሞ «ሁሉንም ድምፅ አጥፋ» የመሳሰሉ ትእዛዞች ናቸው። አንድን ኖብ በስህተት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ካሰራችሁት መሣሪያው መሐል ዘፈን ላይ ድምፅ ይቀይራል ወይም ፀጥ ይላል።

የምታዩትን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «ኖብ 1፣ ሲሲ 70፣ ከ0 እስከ 127»፣ «ፔዳል፣ ሲሲ 11፣ ከ6 እስከ 119»። የመጨረሻው ምሳሌ ላይ ልብ በሉ። ፔዳሉ ዜሮም 127ም አልደረሰም። በተለይ ያገለገለ ፔዳል ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ እርማቱ 5ኛው ደረጃ ላይ አለ።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ ጊዜ አንድን የሚዲ መግቢያ በአንድ ጊዜ መክፈት የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሚዲ ኦክስን ሳትዘጉ ኪዩቤዝን ከከፈታችሁ ኪዩቤዝ ኪቦርዱን ላያገኘው ይችላል፤ እናንተም ኬብሉ ተበላሽቷል ብላችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። ማየቱን ስትጨርሱ ዝጉት።

2. ብረቱን አስተካክሉ

ሶፍትዌር የኬብልና የአቧራ ችግር አይፈታም። ምንም ሳትነኩት ቁጥሩ 63፣ 64፣ 63፣ 64 እያለ የሚዋልል ኖብ ካለ ውስጡ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል። ፒያሳ ላይ በፈረሳውና በግንባታው ጊዜ የተነሳው አቧራ በመስኮት እየገባ ስንቱን ፌደር እንዳበላሸ የጥገና ባለሙያዎች ያውቁታል። ኪቦርዱን አጥፍታችሁ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ንክኪ ማጽጃ ተብሎ የተሠራውን ስፕሬይ በትንሹ ነፍታችሁ፣ ኖቡን ደጋግማችሁ ወዲያና ወዲህ አሽከርክሩት። የመኪና ዘይት ስፕሬይ አትጠቀሙ፤ ቅባቱ ይቀርና ተጨማሪ አቧራ ይሰበስባል። ሥራ ስትጨርሱ ኪቦርዱን በጨርቅ መሸፈን ከሁሉም ይረክሳል።

የኤክስፕረሽን ፔዳል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ያማሃ የሚጠቀምበት የጫፉ ሽቦ አሠራር ከሮላንድና ከኮርግ ይለያል። ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ስትረግጡ ቁጥሩ መጨረሻው ላይ ብቻ ዘልሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ፔዳሉ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ለየትኛው ኪቦርድ እንደተሠራ አረጋግጡ። አንዳንዱ ፔዳል ጎኑ ላይ መቀያየሪያ አለው። የሰስቴን ፔዳል ተገልብጦ ከሠራ፣ ማለትም ስትረግጡት የሚያቋርጥ ስትለቁት የሚያስረዝም ከሆነ፣ ኪቦርዱን አጥፉና እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ አንስታችሁ እንደገና አብሩት። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን አቅጣጫ የሚለዩት በሚነሱበት ቅጽበት ነው።

አሬንጀር ኪቦርድ (ያማሃ ፒኤስአር ወይም ኮርግ ፒኤ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ «ሎካል» የሚለውን ቅንብር አጥፉት። ካልጠፋ የኪቦርዱ የራሱ ድምፅና የሶፍትዌሩ ድምፅ አብረው ይሰማሉ፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ስለሚዘገይም ድምፁ የተደራረበና ባዶ ይሆናል። እነዚህ ኪቦርዶች አጃቢውን ስታይል በሌሎች ቻናሎች ይልካሉ። ስለዚህ ሶፍትዌራችሁ ላይ የመሰንቆው ትራክ ቀኝ እጃችሁ የሚልክበትን ቻናል ብቻ እንዲቀበል አድርጉ። አለበለዚያ የስታይሉ ከበሮ ሁሉ መሰንቆ ሆኖ ይመጣል።

3. የትኛው እንቅስቃሴ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ ወስኑ

አሁን ከኪቦርዱ ዞር በሉና ስለ መሰንቆው አስቡ። መሰንቆ ተጫዋች ቀኝ እጁ ደጋኑን ይገዘግዛል፣ ግራ እጁ ክሩን ይነካል። ከዚህ ሦስት ነገር ይወጣል፦ የደጋኑ ጫና (ድምፁ ሲያብጥና ሲከስም)፣ የጣት መንሸራተት (ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሳብ) እና የጣት መንቀጥቀጥ። በአስፈላጊነት ደረጃም እንዲሁ ናቸው። ደጋኑ አንደኛ ነው፣ መንሸራተቱ ሁለተኛ፣ መንቀጥቀጡ ሦስተኛ።

ኪቦርዶች ግን የሚመጡት በተቃራኒው ነው። በጣም ምቹ የሆነው እጀታ፣ ማለትም የሞዱሌሽኑ (ጆይስቲክ ከሆነ ወደ ላይ ሲገፋ)፣ በነባሪው መንቀጥቀጡን ይቆጣጠራል። ደጋኑን የሚመስለው ሲሲ 11 ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምንም ጋር አይገናኝም። በየአልበሙ የሚሰማው «የኪቦርድ መሰንቆ» ውሸት የሚመስለው ሳምፕሉ ደካማ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ጫና የተጎተተ ደጋን በየትኛውም ሳምፕል ሕይወት አይኖረውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ሞዱሌሽኑን ከመንቀጥቀጥ አላቅቃችሁ ለደጋኑ መስጠት ነው፤ ሲሲ 1 ሲገባ ሲሲ 11 ሆኖ ይውጣ። መንቀጥቀጡን ለአንድ ኖብ ስጡትና አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ አድርጉት።

ለምን ሲሲ 7 አልሆነም? ሲሲ 7 የትራኩ ጠቅላላ ቮሊዩም ነው፤ ሚክስ ስታደርጉ ትፈልጉታላችሁ። ሲሲ 11 በዚያ ጣሪያ ሥር የሚንቀሳቀስ የሐረግ ስሜት ነው። ሁለቱን አንድ ካደረጋችኋቸው በኋላ መሰንቆውን በጥቂቱ ዝቅ ለማድረግ ስትሞክሩ የተቀዳው እንቅስቃሴ ሁሉ ይጠፋባችኋል።

4. ቁጥሩን ቀይሩ

በኪዩቤዝ፦ በሚዲ ትራኩ ላይ «ኢንፑት ትራንስፎርመር»ን ክፈቱ። ማጣሪያው ላይ ዓይነቱ ኮንትሮለር፣ የመጀመሪያው ዳታ 1 ይሁን። ድርጊቱ ላይ የመጀመሪያውን ዳታ 11 ላይ አስቀምጡ፤ ሁነታውን «ትራንስፎርም» በሉት። አራት ክፍሎች ስላሉት ለኖቡ ሌላ መስመር መጨመር ትችላላችሁ።

በሪፐር፦ «ጄኤስ» ተብለው ከሚጀምሩት ትንንሽ ፕለጊኖች መካከል አንዱን ሲሲ ወደ ሌላ የሚቀይረውን ምረጡና ከመሰንቆው ፕለጊን በላይ አስቀምጡት። ከሥሩ ካስቀመጣችሁት ምንም አይሠራም፤ መልእክቱ መሰንቆው ጋ ቀድሞ ደርሷል።

በኤፍ ኤል ስቱዲዮ፦ የመሰንቆው ፕለጊን የፓራሜትር ዝርዝር ውስጥ ሚዲ ሲሲ የሚሉ ረድፎች አሉ። 11 ቁጥር ያለበትን በቀኝ ክሊክ ያዙና ከኮንትሮለር ጋር የሚያገናኘውን መስኮት ክፈቱ፤ ከዚያ ጆይስቲኩን ወደ ላይ ግፉ። መስኮቱ ራሱ ያውቀዋል።

በኤብልተን ላይቭ፦ የማገናኛ ሁነታውን ከፍታችሁ ፕለጊኑ ላይ ያለውን የኤክስፕረሽን ፓራሜትር ነክታችሁ ጆይስቲኩን አንቀሳቅሱ። ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን የሚጻፍበት ሰንጠረዥ በጎን ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። በዚህ መንገድ የታሰረ ሲሲ ለዚያ ፓራሜትር ብቻ ይውላል፤ እንደ ሚዲ መልእክት ወደ ትራኩ አይገባም። «ሲሲው አልተቀዳም» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ እንቅስቃሴውን በአውቶሜሽን ቅዱት።

ከመቅዳት በፊት ወይስ በኋላ ይቀየር? ሁለቱም ይቻላል፤ ልዩነቱን ግን እወቁ። የኪዩቤዝ ኢንፑት ትራንስፎርመርና የሪፐር የመግቢያ ኤፍኤክስ የሚቀዳውን ራሱን ይለውጣሉ። የሪፐር የትራክ ኤፍኤክስና የኪዩቤዝ «ትራንስፎርመር» የተባለው ኢንሰርት ደግሞ ቀረጻውን ሳይነኩ በመንገድ ላይ ይለውጡታል። እኔ የምመክረው የቁጥሩን ቅያሬ ከመቅዳት በፊት፣ ቅርጽ ማስያዙን ከመቅዳት በኋላ ማድረግ ነው። የእጃችሁ እንቅስቃሴ እንደተጫወታችሁት ተቀምጦ ሲቀር ነገ በ5ኛው ደረጃ የምትሰጡትን ኩርባ ብትለውጡ ዳግመኛ መጫወት አይጠበቅባችሁም።

5. ቅርጽ አስይዙ

ሰው የሚሰንፍበት ደረጃ ይህ ነው፤ ውጤቱ ያለው ግን እዚሁ ነው። ሦስት ሥራ አለ፤ ቅደም ተከተላቸው አይዛነፍ።

መጀመሪያ መግቢያውን አጽዱ። ፔዳላችሁ ከ6 እስከ 119 ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ከሚመጣው ቁጥር 6 ቀንሳችሁ በ127 አባዙና ለ113 አካፍሉ። 6 ዜሮ ይሆናል፣ 119 ደግሞ 127። ከዚያ በታችና በላይ የሚወጣውን በ0 እና በ127 ገድቡት።

ቀጥሎ ኩርባ ስጡት። ቁጥሩን በራሱ አባዝታችሁ ለ127 ብታካፍሉ፣ ከታች በኩል ዝግ ያለ ከላይ በኩል ፈጣን የሆነ ኩርባ ታገኛላችሁ። 32 የነበረው 8 ይሆናል፣ 64 የነበረው 32፣ 100 የነበረው 79። ይህ ለስለስ ባለ አጨዋወት ላይ ሰፊ ቦታ ይሰጣችኋል። ግን የድምፁ ፕለጊን ራሱ ይህን የመሰለ ኩርባ በውስጡ ሊኖረው ይችላል። ከሆነ ሁለቱ ተደራርበው እግራችሁ ግማሽ መንገድ እስኪሄድ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ያለ ኩርባ ሞክሩ፣ ከኩርባ ጋር ሞክሩ፣ በጆሯችሁ ምረጡ።

በመጨረሻ መውጫውን ገድቡ። ይህ ለጆይስቲክ ወሳኝ ነው። እንደ አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ያሉት ትንንሽ ኮንትሮለሮች ጆይስቲካቸው በስፕሪንግ ወደ መሐል ይመለሳል። ስትለቁት ሲሲ 11 ዜሮ ይሆናል፣ ኖታውን እንደያዛችሁ መሰንቆው ድንገት ይሞታል። መፍትሔው ወለል መስጠት ነው፦ ዝቅተኛው 45፣ ከፍተኛው 118። አሁን ጆይስቲኩን ባትነኩት 45፣ ግማሽ መንገድ ላይ 82፣ እስከ መጨረሻው ስትገፉት 118 ይወጣል። በኤፍ ኤል ስቱዲዮ የማገናኛ መስኮት ቁጥሩ ከ0 እስከ 1 ስለሚሄድ ቀመሩ «0.355 + ኢንፑት × 0.575» ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ላይ በላቲን ፊደል፣ ማባዣውም በኮከብ ምልክት ይጻፋል።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? ወለሉን 30 አድርጋችሁ ከዚያ በኋላ በኩርባው ብታሳልፉት 30 የነበረው 7 ይሆናል፤ ወለላችሁ ጠፋ ማለት ነው። ማጽዳት፣ ማጉበጥ፣ መገደብ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ኖብ መዝለል። ሶፍትዌሩ ላይ ያለው መጠን 100፣ ኖባችሁ የቆመው 20 ላይ ከሆነ፣ ገና ስትነኩት ድምፁ ወደ 20 ይወድቃል። ቅንብሮቹ ውስጥ «ፒክአፕ» የሚባለውን አብሩት፤ ኖቡ ትክክለኛው ቦታ እስኪደርስ ድረስ ምንም አያደርግም። ማለቂያ የሌለው ዙር የሚዞር ኖብ ደግሞ ቦታውን ሳይሆን አቅጣጫውን ብቻ፣ ለምሳሌ 1 እና 127 እያፈራረቀ፣ ሊልክ ይችላል። እሱን እንደ ተራ ኖብ ካሰራችሁት መጠኑ ከጫፍ ጫፍ ይላተማል። ሶፍትዌሩ ውስጥ «ሪሌቲቭ» የሚለውን ምረጡለት።

6. ፒች ቤንዱን በቅኝቱ ለኩት

በነባሪው ፒች ቤንድ ወደ ላይና ወደ ታች 2 ግማሽ ድምፅ ይሄዳል። ለእኛ ቅኝቶች ይህ አይበቃም፤ አምስት ድምፅ ብቻ ስላላቸው በአጎራባች ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብትቆጥሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትልቁ ርቀት ከሚ ወደ ሶል እና ከላ ወደ ዶ፣ 3 ግማሽ ድምፅ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ከሬ ፍላት ወደ ፋ 4 ግማሽ ድምፅ አለ። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን እሱም ላይ ትልቁ ርቀት 4 ነው። ትዝታ ማይነርና ባቲ ሜጀርም እንዲሁ። ስለዚህ ለትዝታ ሜጀር 3፣ ለሌሎቹ 4 አድርጉት።

ብዙ ፕለጊኖች ይህን በራሳቸው ገጽ ላይ ያስቀምጣሉ። ከሌለው በሚዲ መላክ ይቻላል፤ በተከታታይ ሲሲ 101 ዜሮ፣ ሲሲ 100 ዜሮ፣ ሲሲ 6 አራት፣ ሲሲ 38 ዜሮ፣ ከዚያ 101 እና 100 ሁለቱም 127። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሩን ይዘጋሉ፤ ካልተዘጋ በኋላ በስህተት የሚመጣ ሲሲ 6 ስፋቱን ይቀይረዋል።

«እንግዲያው 12 አድርጌ ልገላገል» የሚል አይጠፋም። አታድርጉት። ፒች ቤንድ በሙሉ አቅሙ ከ0 እስከ 16383 ይቆጥራል፣ መሐሉ 8192 ነው። ርካሽ ኮንትሮለሮች ግን በየአቅጣጫው 64 ደረጃ ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው፤ ስፋቱ 4 ሲሆን እያንዳንዱ ደረጃ ከ6 ሴንት ትንሽ ይበልጣል፣ 12 ሲሆን ግን 19 ሴንት ይጠጋል። ያኔ መንሸራተቱ ቀርቶ መሰላል ሲወጣ ይሰማል። ደግሞ ጆይስቲኩን ሳትነኩት በ1ኛው ደረጃ በከፈታችሁት የሚዲ ማሳያ ላይ 8192 መሆኑን አረጋግጡ። መሐሉ የሳተ ጆይስቲክ ትራኩን ሁሉ ከቅኝት ያወጣዋል፣ ምክንያቱንም ማንም ሳያውቀው ዘፋኙ ይወቀሳል።

7. በአንድ ሐረግ ላይ ሞክሩት

ፕለጊኑን ሞኖና ሌጋቶ አድርጉት፤ መሰንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ አያወጣም። ትዝታ ሜጀር ላይ ሁኑ፣ የፒች ቤንዱ ስፋት 3 ይሁን። ከላ ወደ ላይኛው ዶ የሚንሸራተተውን እንሥራ።

አብዛኛው ሰው ላን ተጭኖ ጆይስቲኩን ወደ ቀኝ ይገፋል። ይሠራል፤ ግን እጅ እስኪለቅ ድረስ ዶው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ቀጣዩን ኖታ ስትጫኑም ቤንዱ ገና ስላልተመለሰ ከቅኝት ይወጣል። እናንተ ገልብጡት። ጆይስቲኩን አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳቡት፣ ከዚያ ዶን ተጫኑ፤ የሚሰማው ላ ነው። አሁን ጆይስቲኩን ወደ መሐል አምጡት። ድምፁ ከላ ተነስቶ ዶ ላይ ያርፋል፣ ማረፊያው የስፕሪንጉ መሐል ስለሆነ ዶው ንጹሕ ነው። በአንድ ጊዜ አትልቀቁት፣ ስፕሪንጉ ይወነጭፈዋል፤ በአውራ ጣታችሁ እየያዛችሁ አድርሱት።

በዚያው እንቅስቃሴ ላይ ደጋኑን ጨምሩ። ጆይስቲኩ ከግራ ወደ መሐል ሲመጣ ወደ ላይም ይገፋ። ሲሲ 11 ከ45 ተነስቶ መንሸራተቱ ሲያልቅ 95 አካባቢ ይድረስ፤ ዶው ላይ ትንሽ ቆይቶ ወደ 70 ይውረድ። ደጋኑ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት ደግሞ ለአጭር ጊዜ ወደ 60 ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይነሳ። ይህችን አጭር መውደቅ አትናቋት፤ ጆሮ «ደጋን አለ» ብሎ የሚያምነው በእሷ ነው። መንቀጥቀጡን ድምፁ ካረፈ በኋላ ብቻ፣ በጥቂቱ አስገቡት። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ በእናንተ ሳምፕል ላይ ከፍም ዝቅም ሊሉ ይችላሉ።

ዋሽንት ላይ ይኸው አሠራር ለሲሲ 2 ይውላል፤ ልዩነቱ ወለሉ ዜሮ መሆን አለበት፣ ትንፋሽ ያልቃልና። ለከበሮ ሲሲ አያስፈልግም፤ የምትነኩት የቬሎሲቲውን፣ ማለትም የቁልፉን አመታት ጥንካሬ፣ ኩርባ ብቻ ነው።

8. ክራር ለሚሠሩ ብቻ

ክራር ብዙ ክር አለው፣ ፒች ቤንድ ግን በቻናሉ ላይ ያሉትን ድምፆች ሁሉ በአንድ ላይ ይስባል። አንዱን ክር ብቻ በጥቂቱ ዝቅ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ቻናል ስጡት፤ ስድስት ክር፣ ስድስት ቻናል። በኪቦርዱ ላይ እያንዳንዱ ኖታ ወደ የራሱ ቻናል እንዲሄድ ካደረጋችሁ በኋላ በየቻናሉ ቋሚ ፒች ቤንድ አስቀምጡ። ስፋቱ 2 ሲሆን አንድ ሴንት ወደ 41 ቁጥር ነው፤ 15 ሴንት ዝቅ ለማድረግ 7578 ይሆናል። የክራር ተጫዋች ክሩን የሚወጥረው በጆሮው ነው፤ የፒያኖ እኩል ክፍፍል ላይ የማረፍ ግዴታ የለበትም። ይህን ልዩነት ለመስማት የአንድ ጥሩ ተጫዋች ቅጂ ከጎን ከፍታችሁ ክር በክር አወዳድሩ።

9. የሚጣበቅ ድምፅና የሚጠፋ ሥራ

ድምፅ ተጣብቆ አልቆም ካለ መጀመሪያ የሶፍትዌሩን «ፓኒክ» ተጫኑ፤ ሲሲ 123 ሁሉንም ኖታ ያቆማል፣ ሲሲ 121 ኮንትሮለሮቹን ወደ መነሻቸው ይመልሳል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፔዳል ተረግጦ ሳለ ቅያሬውን መንካት ነው፤ «ልቀቅ» የሚለው መልእክት በሌላ ቁጥር ሄዶ ይጠፋል። ስለዚህ ኖታም ፔዳልም ይዛችሁ ቅንብር አትቀይሩ።

ሁሉም ሲሠራ ትራኩን ከነቅያሬው እንደ ቴምፕሌት አስቀምጡ። ስሙ ውስጥ ቅኝቱንና የፒች ቤንዱን ስፋት ጻፉ፦ «መሰንቆ አምባሰል 4» ብትሉት ከወራት በኋላም ያግባባችኋል። ኮንትሮለሩ የራሱ ማስታወሻ ካለው የእሱንም ፕሪሴት ወደ ኮምፒውተር አውጡት። አንድ ቅጂ በፍላሽ ከላፕቶፑ ተለይቶ ይቀመጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትሠሩ ከሆነም በየሐረጉ መጨረሻ ሴቭ ማድረግን ልመዱ።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ስታበቁ የዘፈኑን ዋና መሰንቆ ግን ለእውነተኛ ተጫዋች ተዉለት። የኪቦርዱ መሰንቆ ለማሳያ ቅጂ፣ ለድርብ ድምፅና ተጫዋች ለማይገኝበት ሌሊት በደንብ ይበቃል። በጀታችሁ የአንድ ሰዓት ክፍያ የሚችል ከሆነ አዝማሪ ጥሩ፣ በትክክል ክፈሉት፣ ማይክራፎኑን አስተካክሉና ከኪቦርዱ ቅጂ በላይ እንዲጫወት አድርጉ። ሲጫወትም ደጋኑን የት እንደሚያዞር ቆማችሁ እዩ።